ቀድቼዋለሁ፤ አሁንስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በድብቅ ስለተቀዳ ድምፅ ናቸው። ሊጉ ሲሞቅ መልበሻ ክፍሉም ይሞቃል መሰል።

ቡሬ፤ ደጋፊ። አሠልጣኙ ሜዳ ዳር ቆሞ ዳኛውን ሲሳደብ ቀድቻለሁ፤ የግል ምስጢር ነክቻለሁ ወይ?

ስታዲየም ሙሉ ሰው የሰማው ስድብ ምስጢር አይባልም።

ደብረ ማርቆስ፤ ወጣት ተከላካይ። ደላላ ቢጤ ሰው ቡና ጋብዞት «በሚቀጥለው ጨዋታ ላላ በል» ብሎ ብር ጠራለት። ልጁ በኪሱ ስልክ ቀዳው። ጓደኞቹ ቴሌግራም ላይ ልቀቀው ይሉታል።

አትልቀቀው። ራስህ ያለህበትን ንግግር መቅዳትና የሌሎችን ግንኙነት መጥለፍ ለየቅል ናቸው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 4 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀመጠው ለጠላፊ ነው። አንተን የሚያሠጋህ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 13 ነው፦ የሰው ስም የሚያጎድፍ ድምፅ ያሰራጨ፣ ተበዳይ ነኝ ባዩ አቤት ካለ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር ይቀጣል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ደላላው ከሳሽ፣ አንተ ተከሳሽ ልትሆኑ ነው። ከጀርባው ያለው ሰውም ድምፁን እንደሰማ ሲም ካርዱን ጥሎ ይሰወራል። «ካልከፈልከኝ እለቀዋለሁ» ብለህ ለደላላው እንዳትጽፍለት ደግሞ፤ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ፋይሉን አትቁረጥ፤ «ድምፁን አጥራልኝ» ብለህም ለማንም አትስጥ። በመልእክት የተላለፈ ቅጂ የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት ሊያጣ ስለሚችል ዋናው ስልክ ሳይሸጥ፣ ፎርማት ሳይደረግ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ ያዝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረና ስንት ብር እንደተጠራ ዛሬውኑ ጽፈህ ፈርምበት። ከዚያ ለክለብህና ለፌዴሬሽኑ በጽሑፍ አመልክት፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳትቀበል ከቢሮው አትውጣ። ከክለቡ ሰው የምትጠረጥረው ካለ በቀጥታ ወደ ፌዴሬሽኑና ወደ ፖሊስ ሂድ። አትዘግይ፦ በፊፋ የዲሲፕሊን ሕግ ጨዋታ ለማስለቀቅ ተጠይቆ ዝም ያለ ተጫዋችም ይቀጣል።

ፍኖተ ሰላም፤ የክለብ ጸሐፊ። አሠልጣኙ የሚቀዳ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ትቶ ከመልበሻ ክፍል ወጣ። ሲያሙት የሰማቸውን ሁለት ተጫዋቾች ይባረሩልኝ ይላል። ስልኩ የክለቡ ስለሆነ ችግር አለው?

አለው እንጂ። ስልኩ የክለቡ ቢሆንም ወሬው የክለቡ አይደለም፤ አሠልጣኙም በንግግሩ ውስጥ አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ድምፅ ብቻ ውል ካቋረጣችሁ ክርክሩ ከተጫዋቾቹ ጥፋት ወደ ክለቡ ጥፋት ይዞራል። ደግሞ በቅኔ አገር ተቀምጦ የልጆችን ቀልድ በሰሙ ብቻ መፍረድ ምን ይሉታል?

ሞጣ፤ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ። ካሊፎርኒያ ያለ ተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ የምስጢር ንግግር መቅዳትን ትከለክላለች። ታዲያ የክሊፐርስ ባለቤት ዶናልድ ስተርሊንግ ያለ ፈቃዱ ተቀዳ በተባለ የዘረኝነት ንግግር እንዴት ቡድኑን አጣ?

ክልከላው ቀጂውን ይመለከታል። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ የፈረደው ግን የክለብ ባለቤቶቹ በተስማሙበት የራሱ ደንብ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የሊጉ ኃላፊ አዳም ሲልቨር ስተርሊንግን ዕድሜ ልክ አግዶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ክለቡም በ2 ቢሊዮን ዶላር ለስቲቭ ባልመር ተሸጠ። ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም በናይጄሪያዊው የፊፋ ባለሥልጣን አሞስ አዳሙ ጉዳይ ጋዜጠኞች በድብቅ የቀዱትን ማስረጃ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱን የጁቬንቱስ የዳኞች ቅሌት ከዚህ ጋር አትደባልቁት፤ እዚያ ስልክ የጠለፉት የጣሊያን መርማሪዎች ናቸው።

ዳንግላ። በድብቅ ለመቅዳት የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?

ይህ ዓምድ የሞባይል ጥገና ቤት አይደለም።

ቢቸና፤ የተጫዋች እናት። ልጃቸው ለጓደኛው በድምፅ መልእክት የክለቡን ኃላፊ ይዘልፋል፤ ጓደኛው የደጋፊዎች ግሩፕ ውስጥ ለቀቀው። አሁን ሽማግሌ ተይዟል፤ ጓደኛውን መክሰሱ ይቆይ ይሆን?

እሜቴ፣ ሽምግልናው ደግ ነው፤ ግን ሽማግሌ ሲያመላልስ ቀን ይሄዳል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች አቤቱታው ተበዳዩ ካወቀ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ካሣ ጥያቄ ደግሞ 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ልጁ የላከውን መልእክት እንዳያጠፋ ይንገሩት። የግሩፑ ስም፣ የለቀቀው ሰውና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾትም ይያዝ። ጠበቃ ያናግሩ የምለው ለወጉ አይደለም፤ ልጁ ራሱ ተሳድቧልና ከከሰሰ መልሶ ሊከሰስ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት። ድምፁ ከተለቀቀ ስንት ሳምንት እንደሆነው አልጻፉልንም፤ ዛሬውኑ ይቁጠሩት።