ሁለት ደቂቃ ሲቀር አሰልጣኙ ምን ያስባል? ጠይቁኝ

ሲያትል ከገባሁ ጀምሮ እሁዴን የሚበላው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ዛሬ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኞች ስለሚወስኑት ነገር የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ። አራተኛ ዳውን ላይ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው?

10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለህ። ሦስቱ ካልበቁህ ኳሷን በእግር መትተህ ታርቃታለህ፤ ቅርብ ከሆንክ ፊልድ ጎል (ኳሷን በምሰሶዎቹ መሃል መትቶ ሦስት ነጥብ) ትሞክራለህ። በአራተኛውም እገፋለሁ ብለህ ካልተሳካልህ ኳሷን እዚያው ታስረክባለህ።

ጥያቄ፦ በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የሊጉ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ የሲያትል ሲሃውክስ አንድ ያርድ ቀርቷቸው፣ ማርሻውን ሊንችን የመሰለ ሯጭ ይዘው ለምን ወረወሩ? እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔንም። ጓደኛዬ ቤት ነበርን፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሲኒዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ግን ሰዓቱን እየው። ፓትሪዮትስ 28 ለ 24 እየመሩ ነው። የቀረው 26 ሰከንድ፣ ሦስት ሙከራና አንድ ታይም አውት (ሰዓት ማስቆሚያ)። ሮጠህ ከተያዝክ ሰዓቱ አይቆምልህም፣ ያለችህን ታይም አውት ትበላለህ። የተወረወረ ኳስ መሬት ከወደቀ ግን ሰዓቱ በራሱ ይቆማል። ሦስቱንም ሙከራ ለመጠቀም ከፈለግክ አንዱን መወርወርህ አይቀርም። የሲሃውክስ አሰልጣኝ የነበረው ፒት ካሮል ሂሳቡን አልሳተም።

እኔ የምወቅሰው የተወረወረበትን ቦታ ነው። ሰው በታጨቀበት መሃል! የፓትሪዮትሱ ማልኮም በትለር ቀድሞ ገብቶ ነጠቀ። ወደ ጥግ ቢላክ ኖሮ ወይ ይቆጠራል ወይ ውጭ ይወድቃል። ደግሞ የያኔውን የፓትሪዮትስ አሰልጣኝ ቤሊቺክን አትርሳ፤ ታይም አውት እያለው ዝም ብሎ ሰዓቱን አስፈጀባቸው።

ጥያቄ፦ በ14 ነጥብ እየተመሩ ታችዳውን አስቆጥሮ ለሁለት ነጥብ መሄድ እብደት አይደለም?

አይደለም። ታችዳውን ስድስት ነጥብ ነው፤ ከዚያ ወይ በእግር መትተህ አንድ ነጥብ ትጨምራለህ፣ ወይ ዳግም ገፍተህ ሁለት ትሞክራለህ። ሌላ ታችዳውን እንደምትደግም አስብ። የሁለት ነጥቡ ሙከራ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው እንበል። ከተሳካ በቀጣዩ አንዷን ነጥብ መትተህ ታሸንፋለህ። ከከሸፈ በሁለተኛው ትሞክርና ጭማሪ ሰዓት ትገባለህ። ሁለቱም የሚከሽፉት ከአራት አንዴ ነው። ስታሰላው የማሸነፍ ዕድልህ 62 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቴም አንድ አንድ ነጥብ ከወሰድክ ግን ጭማሪ ሰዓት ገብተህ ዕድልህ እኩል በእኩል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የላየንሱ አሰልጣኝ ዳን ካምቤልስ?

በጥር 2024 ከ49ርስ ጋር 24 ለ 10 እየመራ ፊልድ ጎሉን ትቶ ገፋበት። ኳሷ እጅ ላይ አርፋ ወደቀች፤ እሱ ምን ያድርግ? በኋላ 27 ለ 24 እየተመራ የደገመው ላይ ግን እኔ ብሆን እመታ ነበር። 34 ለ 31 ተሸነፈ።

ጥያቄ፦ የፈሪ ውሳኔስ?

የፓከርሱ አሰልጣኝ ማት ላፍለር፣ ጥር 2021። ፓከርስ 31 ለ 23 እየተመሩ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል፣ 8 ያርድ ብቻ፣ ኮከብ ወርዋሪያቸው አሮን ሮጀርስ ሜዳ ላይ። ፊልድ ጎል መታ። ኳሷን ዳግም አላገኟትም።

ጥያቄ፦ ሆን ብሎ ተጋጣሚ እንዲያስቆጥር መልቀቅ አለ?

አለ። ሱፐር ቦውል 2012፣ ጃየንትስ 17 ለ 15 እየተመሩ ነው። ፓትሪዮትስ ለወርዋሪያቸው ለቶም ብሬዲ ሰዓት ለማትረፍ ለጃየንትስ ሯጭ መንገዱን ለቀቁ። ሯጩ አህመድ ብራድሾው ገብቶታል፤ መስመሩ ላይ ሊቆም ሞከረ። ግን ሩጫው ገፋው፣ ዞሮ ቁጭ ልበል ሲል በመቀመጫው ገባ። 57 ሰከንድ ቀረ። ጃየንትስ 21 ለ 17 አሸነፉ እንጂ፣ እንደዚያ እየተጨነቀ ታችዳውን ያስቆጠረ ሰው አላየሁም።