ፑሉ አረንጓዴ ሆነብኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ዘንድሮ ከባለቤቴ ጋር ቤት ገዛን። ዋጋው ቀነስ ያለልን ዓመት ሙሉ ሰው ስላልኖረበት ነው። ጓሮው ውስጥ ያለው ፑል (የመዋኛ ገንዳ) ውሃው ጎመን መስሏል፣ ወለሉ አይታይም፣ ቅጠሉም ጉድ ነው። የፑል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሄጄ ስነግራቸው ጠርሙስ በጠርሙስ አሸክመው ላኩኝ። ሁሉንም ገለበጥኩት። ትንሽ ነጣ አለና ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቴ ደፍተነው እንደ አዲስ እንሙላው ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ አፈር ሙላበትና ቲማቲም ትከል ይለኛል። የቱ ይሻላል?
ፍ.፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ቲማቲሙን ለጊዜው ተወው፤ ፑል መድፈን ራሱ ፈቃድና ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አረንጓዴው ነገር ተራ ቆሻሻ አይደለም። አልጌ የሚባል ውሃ ውስጥ የሚራባ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ሥራህ ሁለት ነው፤ መጀመሪያ መግደል፣ ከዚያ የሞተውን በፊልተር ማውጣት። ጠርሙሶቹ ለምን እንዳልሠሩልህ ደግሞ እገምታለሁ። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንደ ብዙ ሰው ነጩን ክብ ታብሌት ለዓመታት ሲጥሉበት ኖረው ይሆናል። ታብሌቱ ክሎሪን ብቻ አይደለም፤ ስታቢላይዘር የሚሉት ሳያኑሪክ አሲድም አለበት። እሱ ክሎሪኑን ፀሐይ ቶሎ እንዳታጠፋው ይከላከላል፣ ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም (ማለትም በሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 50 እጅ) ሲሆን ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን ክሎሪኑን ራሱን ጠፍሮ ይይዘዋል፣ ያንተ ክሎሪን ውሃው ውስጥ እያለ አልጌውን መግደል ያቅተዋል። ቬጋስ ላይ ደግሞ ውሃው ይተናል እንጂ ስታቢላይዘሩ አይተንም። የጎደለውን ውሃ ትሞላለህ፣ ታብሌት ትጨምራለህ፣ እሱ ዝም ብሎ ይከማቻል።

ስለዚህ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛትህ በፊት ደህና መመርመሪያ ግዛ። ወረቀት ነክረህ ቀለም የምታይበትን ሳይሆን ጠብታ እየቆጠርክ የምትለካበትን። የስታቢላይዘሩን ምርመራ አንዴ ካየኸው አትረሳውም። የፑሉን ውሃ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ስትቀላቅለው ይደፈርሳል። ሥሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ቀጭን ቱቦ አለች። ለፀሐይ ጀርባህን ሰጥተህ ቆመህ፣ የደፈረሰውን ቀስ እያልክ ትጨምርባትና ከላይ ወደ ታች ታያለህ። ነጥቧ ከዓይንህ ስትጠፋ ታቆማለህ። ጎኗ ላይ ያለው ቁጥር መልስህ ነው።

100 ካሳየህ ባለቤትህ ግማሽ ልክ ናት ማለት ነው። ግማሹን ውሃ ልቀቅና በአዲስ ተካው፣ ወደ 50 ይወርዳል። ሙልጭ አድርገህ ግን አታራግፈው፣ በተለይ በሙቀቱ ወራት፤ ባዶ የቀረ ፕላስተር በዚያ ፀሐይ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይም እንዳትለቀው። ላስ ቬጋስ ባለችበት ክላርክ ካውንቲ ውስጥ የፑል ውሃ የሚለቀቀው በቤቱ የፍሳሽ መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግቢው መሬት ላይ ክዳን ያለው ቧንቧ ታገኛለህ። በዚያ የገባው ውሃ ታክሞ ወደ ሌክ ሚድ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ የፈሰሰው ግን ሳይታከም ይቀራል፤ ከተማዋ ደግሞ የምትጠጣው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ከዚያ ወደ ግድያው። መጀመሪያ ቅጠሉን በመረብ አውጣ፣ ብትሰለችም አውጣ፣ ምክንያቱም የበሰበሰ ቅጠል ክሎሪን ይጨርስብሃል። ፒኤቹን፣ የውሃውን የአሲድነት ልክ ማለት ነው፣ 7.2 አካባቢ አድርሰው፤ ከፍ ካለ ሙሪያቲክ አሲድ ነው የሚያወርደው። ይህን ከክሎሪኑ በፊት ጨርስ፣ ክሎሪኑ ከ10 ፒፒኤም ካለፈ በኋላ የፒኤች ምርመራው ይዋሻል። አሲድና ክሎሪን ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ታብሌቱንና ዱቄት ክሎሪኑንም በአንድ ዕቃ እንዳታደርግ፣ እሳት ያስነሳሉ። ይሄን ቀልድ አታድርገው።

መጠኑን ለማወቅ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና አማካይ ጥልቀቱን በጫማ ለክተህ አባዛና በ7.5 ምታው። 30 በ15 ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 5 ከሆነ 17,000 ጋሎን ገደማ ነው። አንድ ጋሎን 10 ከመቶ ፈሳሽ ክሎሪን፣ ማለትም የበረኪና ታላቅ ወንድም፣ በ10,000 ጋሎን ውሃ ላይ 10 ፒፒኤም ይጨምራል። ስታቢላይዘሩ 50 ከሆነ ክሎሪኑን 20 ማድረስ አለብህ፣ ማለትም ወደ ሦስት ጋሎን ተኩል። ፀሐይ ስትገባ ጨምር። ፓምፑ ቀን ከሌት ይሥራ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ አንዴ ጨምሮ ይተኛል። አልጌው ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ጠዋት ስትለካ ወርዶ ታገኘዋለህ፣ እንደገና 20 ታደርሰዋለህ፣ ማታም እንደዚያው። ብሩሽህን ይዘህ ግድግዳውን፣ ከመሰላሉ ጀርባና የመብራቱን ዙሪያ ፈትግ፤ አልጌ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ደፈረሰ ግራጫ ሰማያዊ ሲለወጥ አትደንግጥ፣ ሞቷል ማለት ነው። የቀረው የፊልተሩ ሥራ ነው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ፊልተሩ ንጹሕ ሲሆን ከሚያሳየው በ8 ወይም 10 ፒኤስአይ ከፍ ሲል ፊልተሩን እጠበው። ወለሉ ጥርት ብሎ ሲታይህና ክሎሪኑ ማታ ከለካኸው ጠዋት ከ1 ፒፒኤም በላይ ሳይቀንስ ሲያድር አሸንፈሃል። ከዚያ ወዲያ ፈሳሽ ክሎሪን በትንሽ በትንሹ፣ ብሩሽ በየሳምንቱ። ታብሌቱን ለጉዞ ጊዜ ብቻ አስቀምጠው። ታይሉ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ካልሲየም ነው፤ የምትሞላው የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ከሱ ጋር መኖር ነው።

ጥያቄ፦
አዳማ ያለውን የአክስቴን ግቢ የምጠብቀው እኔ ነኝ። እሷ ውጭ ነው ያለችው። የመዋኛ ገንዳው ፓምፕ ከተቃጠለ ቆየ፣ የዝናብ ውሃ ሞልቶበታል። ቢምቢው አላስተኛን አለ። በረኪና ብጨምርበት ይበቃል? ጎረቤት ደግሞ የተቃጠለ ዘይት አፍስሺበት ይለኛል።
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦
እህቴ፣ ዘይቱን በጭራሽ። ገንዳውንም አፈሩንም ያበላሽብሻል። በረኪናውም አያዋጣሽም። 60 ሜትር ኩብ ውሃ ቢኖር ለአንድ ጊዜ ብቻ 12 ሊትር ገደማ 5 ከመቶ በረኪና ያስፈልግሻል፣ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ አብዛኛውን ያጠፋዋል። ፓምፕ የሌለው ገንዳ የቢምቢ መፈልፈያ ነው፤ በሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይበቃዋል። ደግሞ ነገሩ እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ቢምቢ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቷል፣ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ በበጋ ከተነሳ የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዟል። ይሄኛው ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ነው የሚራባው።

ስለዚህ አድርቂው። ክሎሪን ስለሌለበት ውሃውን ለአትክልት ማጠጣት ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፤ ሰፈራችሁ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ቅርብ ነው የሚወጣው? ከሆነ ዝናቡ ሳያባራ ባዶ አታድርጊው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ገንዳውን ከሥሩ ገፍቶ ሊያነሳው ይችላል። ካልሆነ ጨርሰሽ አውጪና በዘነበ ቁጥር ወለሉ ላይ የቀረውን ሳምንት ሳይሞላው ጥረጊ። ባዶውን ገንዳ እጠሪው፣ ልጅ ሲሚንቶ ላይ እንዳይወድቅ። ለአክስትሽም ፎቶ ላኪላት፣ ፓምፑን ታሠራው እንደሆነ።

ጥያቄ፦
ልጄ ቤት ዳላስ ነው ያለሁት። የልጅ ልጆቼ ከፑሉ ሲወጡ ዓይናቸው ይቀላል፣ ክሎሪኑም ይከረፋል። ልጄን ክሎሪኑን ቀንሽ ብላት አልሰማ አለችኝ።
እማማ ወ.

መልስ፦
እማማ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፣ ግን ልጅዎ እውነት አላት። ያ ሽታ ብዙ ጊዜ የንጹሕ ክሎሪን ሽታ አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና፣ ይቅርታ፣ ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን የሚባል ነገር ነው፣ ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ክሎሪን መጨመር ነው። መጀመሪያ ግን ይለካ፣ እስኪስተካከልም ልጆቹ አይግቡ። ከመግባታቸው በፊት ገላቸውን ይታጠቡ፣ መሃል ላይም ሽንት ቤት ይላኩልን።

እርስዎ እዚያ ካሉ ግን ከሽታው በላይ አንድ ነገር ይዩልኝ። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚገድለው መስጠም ነው፤ ልጅ ሲሰጥም ደግሞ አይጮህም። የፑሉ አጥር በአራቱም በኩል መሆኑን፣ በቤቱ በር በኩልም ጭምር፣ ያረጋግጡ። የአጥሩን በር ከፍተው ይልቀቁትና ይዩት። ራሱ ተመልሶ ካልተቆለፈ ዛሬውኑ ይሠራ፤ ክሎሪኑ እስከ ነገ ይቆያል።