ማሽኑ እንቅልፉን ይመልሳል፣ እግሩን ግን አንተ ነህ የምትመልሰው

«ለስሊፕ አፕኒያ ሲፓፕ ማሽን ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። ቀን ቀን ማንቀላፋቱ ቀርቶልኛል። ስሮጥ ግን አሁንም ቶሎ ያለከልከኛል። ለአቅም አይጠቅምም ማለት ነው?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። (ለማያውቅ፦ ስሊፕ አፕኒያ ተኝተን ሳለ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ችግር ነው፤ ሲፓፕ ደግሞ ፊት ላይ በሚደረግ ማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ነው።)

ይጠቅማል። ግን ለውጡን ዳገቱ ላይ አትፈልገው። እኔ ላይ መጀመሪያ የታየው በማግስቱ ነው። በፊት ትንሽ ከሮጥኩ በሚቀጥለው ቀን ሰውነቴ ድቅቅ ይል ነበር። ያ ቀረ። ቀጥሎ የልብ ምቴ ተስተካከለ። ዳገት ስወጣ ያው አለከልካለሁ፤ ጫፍ ላይ ቆሜ ግን ቶሎ ይረጋልኛል። አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ ሲያወራኝ እጄን በማወዛወዝ ፈንታ በአፌ መመለስ ጀመርኩ!

ነገሩ ግልጽ ነው። ጉሮሮ በተዘጋ ቁጥር ኦክሲጅን ይወርዳል፣ ሰውነት ይባንናል፣ ልብ ይሮጣል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ከባድ በሚባለው ደረጃ ይሄ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። እንዲህ ሲታገል ያደረ ልብ ጠዋት ምን ጉልበት ይኖረዋል? ሲፓፕ ትግሉን ያስቆማል። ጡንቻ ግን አይሠራም። ደክሞህ በተቀመጥክባቸው ዓመታት የላላው እግር የሚመለሰው በእንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሕክምናው በስፖርት ጊዜ ሰውነት የሚጠቀመውን የኦክሲጅን መጠን እንደሚያሻሽል ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ጭማሪው ግን መጠነኛ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይም እኩል አይታይም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ማስኩን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታወልቀው? ብዙዎቻችን ሌሊት ለሽንት ተነስተን መልሰን አናደርገውም። ማሽኑ 4 ሰዓት መጠቀምህን ስለሚያሳይ «በቃ፣ ደህና ነኝ» ትላለህ። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ግን የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። የጉሮሮ ጡንቻ ይበልጥ የሚላላው፣ ብዙ ሰው ላይም መታፈኑ የሚብሰው ያኔ ነው። እስኪነጋ አድርገው። አየር በጎን የሚያመልጥ ከሆነ የማስኩን ልክ አስቀይር፤ እኔ ከዚያ በኋላ ነው ልዩነቱን በደንብ ያየሁት።

ክብደት መቀነስን ከማሽኑ አትጠብቅ፣ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው። ስፖርቱ ራሱ ግን ባትከሳም እንኳ አፕኒያውን በተወሰነ መጠን ያቀለዋል። ስለዚህ ፈጣን እርምጃና ቀላል ሩጫ እያፈራረቅክ ቀጥል። ደረትህን ከጨመደደህ ወይም ካዞረህ ግን ሩጫውን አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። ደም ማነስን፣ አስምን፣ የልብ ችግርን ሲፓፕ አያክምም።