እሳት የማይለኮስበትን ቀን በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከየጎፍ ደን ግርጌ ነው። በግንቦት የማሽላ አገዳ ላቃጥል ስል ጎረቤቴ «እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አለችኝ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነት አላት፤ የሚያዘናጋው ያ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ ሲወርድ፣ ነፋሱም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ እሳት ከእጅ ያመልጣል። መለኪያ ከሌለዎት ሣሩን ይጨብጡት፤ ከተንኮሻኮሸና ከተሰባበረ ክብሪቱን ይመልሱት።

እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነውና ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዳገቱ ነው። ነበልባሉ ከላዩ ያለውን ሣር አስቀድሞ ስለሚያደርቀው ሽቅብ ይሮጣል፤ በቀትር ደግሞ ነፋሱ ራሱ ወደ ተራራው ይነፍሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ቅርፊቱም እየነደደ ርቆ ይወድቃል። የየጎፍ ጽድ ከተቃጠለ እርስዎም እኔም ዳግም አናየውም። እባክዎ፣ አገዳውን ለከብት ይስጡት።