የደሴዋ ተማሪና ጄሊፊሽ

ጥያቄው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነች። አንድ ሐይቅ ውስጥ የታዩት ጄሊፊሾች (አጥንት የሌላቸው ልፍስፍስ የውሃ እንስሳት) በሙሉ ወንድ እንደሆኑ አንብባ «ታዲያ በምን ይራባሉ?» የሚለው እንቅልፍ ነሥቷታል። በዚሁ ልቀጥል ብትል አባቷ «ባሕር በሌለበት አገር ምን ልትበይ ነው?» አሏት።

እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ አትናቂው። በጄሊፊሽ ብቻ የሚቀጥርሽ መሥሪያ ቤት እዚህ አታገኚም።

ያነበብሽው ክራስፔዳኩስታ ስለምትባል የጄሊፊሽ ዓይነት ይመስለኛል። ባሕር አትፈልግም፤ ሐይቅና ኩሬ ይበቃታል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1880 ለንደን ላይ የታየችው የውሃ አበባ በሚበቅልበት ገንዳ ውስጥ ነበር። ስፋቷ ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም። ምሥጢሯ ያለው ግን ታች፣ ድንጋይ ላይ ነው። እዚያ የተለጠፈ ሚጢጢ ፖሊፕ አለ፤ ይኸውም ያቺው እንስሳ ራሷ፣ ጄሊፊሽ ከመሆኗ በፊት ያላት መልክ ነው። ወንድ ሴት ሳይል፣ ከራሱ እየቆነጠረ ይባዛል። ውሃው ሲሞቅ ጄሊፊሾቹን ይለቃል፤ ከአንድ ፖሊፕ ዘር የወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ፆታ ናቸው። ስለዚህ ሐይቁ ወንድ በወንድ ቢሆንም ዘሩ አይቋረጥም።

ግን አንድ ቀን ከአንድ ዳርቻ 20 ጄሊፊሽ ቀድቶ «ሴት የለም» ማለት አይቻልም። ነገሩ የቆጠራ ነው። ያንቺም ሙያ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ አለልሽ። ጄሊፊሽ ፍለጋ አትውረጂ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ኮፔፖድ ከሚባሉት ደቃቅ የውሃ እንስሳት ሳይክሎፖይድ የተባሉትን ቁጠሪ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሴቷ እንቁላሏን በሁለት ከረጢት፣ ግራና ቀኝ አንጠልጥላ ታገኛታለሽ። እንቁላል ያልያዘችው ግን ትሸውድሻለች፤ አንቴና እዪ። የወንዱ ሴቷን መያዣ ስለሆነ ቆልመም ይላል። ያልደረሱትን ለብቻ መዝግቢ። ከዳርም ከመሃልም፣ በየወሩ ናሙና ቅጂ። እኛ ተማሪ ሳለን መረብ ጠፍቶ በስቶኪንግ ተለማምደናል፤ ለጥናቱ ግን የቀዳዳው ልክ የታወቀ መረብ ከዲፓርትመንትሽ ጠይቂ፣ ሙጭጭ በይ።

ኮፔፖድ የዓሣ ቀለብ ነው። ይህን መቁጠር የቻለ ሰው ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ቢያመለክት የሚያሳየው ሥራ አለው። ማስተርሱም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጄሊፊሹ ያኔ ይደርሳል።

ለአባትሽ «ሐይቅ ላይ ዓሣ ምን በልቶ እንደሚያድግ አጠናለሁ» በያቸው። ውሸት አይደለም።