በክራንች የምሄድ ሐኪም ነኝ፣ ጠይቁኝ

ጎጃም ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ግራ እግሬ በልጅነቴ በፖሊዮ ስለደከመ በክራንች ነው የምሄደው። ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው፣ ዛሬ ዲዩቲ የለኝም።

ጥያቄ፦ ዶክተር ከቡሬ ነኝ። እህቴ 12ኛ ክፍል ናት፣ አንድ እግሯ ከጉልበት በታች ሰው ሰራሽ ነው። ሜዲስን ብትሞላ ይከብዳታል?

መልስ፦ ትሙላ እንጂ! የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክላስና ላብ ናቸው፣ የሚፈትናት ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ነው፣ ራውንድ ላይ ከአልጋ አልጋ ቆሞ መዞር አለ፣ ሰው ሰራሽ እግር ደግሞ ብዙ ሲቆሙበት ጉቶውን፣ ማለት የቀረውን እግር ጫፍ፣ ይልጠዋል። ክሊኒካል (ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ እያዩ የሚማሩትን) ሳትጀምር ዲፓርትመንቱን ታናግር፣ ዶርሟም ምድር ላይ ይሁንላት።

ጥያቄ፦ ሰርጀሪ አታችመንትን (የቀዶ ሕክምና ልምምዱን) እንዴት አለፍከው?

መልስ፦ ይሄን የማይጠይቀኝ የለም 😄 ችግሩ መቆሙ ብቻ አይደለም፣ ስክራብ ካደረክ፣ ማለት ለኦፕሬሽን እጅህን ከታጠብክ በኋላ ክራንች መንካት አትችልም፣ ስተራይል (ከጀርም የጸዳ) አይደለማ። እኔ ታጥቤ እጄን ከፍ አድርጌ ጎማ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ራነሯ ነርስ (ስክራብ ሳታደርግ ዕቃ የምታቀብለው) ከኋላ እየገፋች ታስገባኛለች፣ ጋውንና ጓንቱን እዛው ተቀምጬ ነው የምለብሰው። ወንበሩ አጭር ከሆነ ግን እጅህ ከጠረጴዛው በታች ይወርድና ስተሪሊቲው ተበላሸ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከፍታውን ቀድመህ ለካ።

ጥያቄ፦ ሲፒአርስ (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫኑስ)?

መልስ፦ ደረት የሚጫነው ሰው በየ2 ደቂቃው ይቀያየራል፣ ብቻህን አይደለህም። እኔ ራስጌ ሆኜ አምቡ ባግ (እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት) እይዛለሁ ወይ ቲሙን እመራለሁ።

ጥያቄ፦ ታካሚዎች ምን ይሉዎታል?

መልስ፦ አንድ አባት ከቆላ መጥተው ክራንቼን አዩና «ባለ መድኃኒት ራስህን ፈውስ አለ መጽሐፉ» አሉኝ፣ ሳቅሁ፣ ደም ግፊታቸውን ለካሁ፣ አሁን ቀጠሮ ሲመጡ ከእኔ ሌላ አያዩም።

ጥያቄ፦ ቅጥር ላይ አካል ጉዳቴን ምክንያት ቢያደርጉብኝስ?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አንብብ። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር አካል ጉዳተኛ በመሆንህ ሊገፉህ አይችሉም፣ ቀጣሪው የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታም አለበት። ጥያቄህን በደብዳቤ አስገባ፣ በቃል የተባለ ነገር ኋላ የለም ይባላል።

ጥያቄ፦ ስፔሻሊቲ ራዲዮሎጂ (ራጅና ሲቲ ስካን ማንበቡ) ይሻለኛል?

መልስ፦ ከወደድከው። ሳይካትሪም (የአእምሮ ሕክምና) ፓቶሎጂም (የናሙና ምርመራ) አለ። ተቀምጠህ ስለምትሠራ ብቻ ግባ የሚሉህን ግን አትስማ።

ጥያቄ፦ ክራንቹ ራሱ ጀርም አያዛምትም?

መልስ፦ ያዛምታል! እጅህን ታጥበህ የቆሸሸ የክራንች እጀታ ከጨበጥክ መታጠብህ ከንቱ ነው፣ ከታካሚ ታካሚ ሳልፍ በአልኮል እወለውለዋለሁ። የታችኛው ጎማም ሲያልቅ ቶሎ ይቀየር፣ ዋርድ ሲወለወል እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።