ጨው ቀለጠ ወይስ ሟሟ? ቤተ ሙከራ ለሌላት መምህርት

«ሰባ ተማሪ አለኝ፣ ቤተ ሙከራ የለኝም፤ ነገሮች በውሃ ውስጥ የሚሆኑትን እንዴት በተግባር ላሳያቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። እኔ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ቤተ ሙከራ ያየሁት በአንዱ ትምህርት ቤት ብቻ ሲሆን፣ የእሱም ቁልፍ ሁልጊዜ የሚጠፋ ነበር።

በቃሉ ጀምሪ። ልጆቹ ቤታቸው «ቅቤው ቀለጠ» እንደሚሉት ሁሉ «ጨዉ ቀለጠ» ይላሉ፤ መጽሐፉ ደግሞ «ሟሟ» ይላቸዋል። ስለዚህ እጀታውን በጨርቅ ይዘሽ በአንድ ማንኪያ ቅቤ፣ በሌላው ጨው በሻማ ላይ አሙቂ። ቅቤው ወዲያው ይፈስሳል። ጨዉ ቢንጣጣ እንጂ አይፈስስም፤ ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ማንኪያው ሲበርድ ያንኑ ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ አማስዪው። ያለ እሳት ከዓይናቸው ሲሰወር፣ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ራሳቸው ይነግሩሻል።

ቀጥሎ ከባለ ሱቅ ሚዛን ተዋሺ። የዕቃውን ክብደት ሳትቆጥሪ 200 ግራም ውሃ፣ ለብቻው 50 ግራም ጨው መዝኚ። ከመደባለቅሽ በፊት «አሁን ስንት ይሆናል?» ብለሽ እጅ አስወጪ። በእኔ ክፍል ሁልጊዜ ብዙዎቹ 200 ይላሉ፤ ጨዉ ጠፍቷላ! ሚዛኑ 250 ላይ ሲቆም ክፍሉ ይታመሳል። አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ውሃው ዋጠው እንጂ የት ይሄዳል» አለ፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

የዋጠውን መልሶ ለማውጣት በመጀመሪያ ዓመቴ ጨዋማውን ውሃ በቡታጋዝ ምድጃ ላይ ጣድሁት። ሊደርቅ ሲል ጨዉ እየፈነጠቀ የአንዲት ተማሪ እጅ ላይ አረፈ። ቃጠሎው ቀላል ነበር፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሼ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በታኅሣሥና በጥር ጥሩ ይደርቃል፤ በመስከረም አትሞክሪው።

ጤፍ ዱቄት እንዳይቀርብሽ። በጥብጠሽ ስታሳያቸው ውሃው ስለሚደፈርስ «ሟሟ» ይላሉ። አትከራከሪያቸው፤ እስከ እረፍት ድረስ ሳትነኪው ተይው። ሊጥ ሲያድር ውሃው ከላይ እንደሚጠልል ሁሉም ከእናቱ ቤት ያውቃል። ክረምት ላይ የተቀዳ የጨሞጋ ወንዝ ውሃ ካገኘሽም ጠርሙስ ውስጥ አቁሚው፤ ደለሉ ሲዘቅጥ ያዩታል። ጨዋማው ግን ሳምንት ቢቀመጥም፣ ውሃው እስካልተነነ ድረስ፣ አይዘቅጥም።

ስኳር ውድ ስለሆነ አንዴ ብቻ ይበቃል። በክፍል ሙቀት 100 ግራም ውሃ የሚያሟማው ጨው 36 ግራም ገደማ ሲሆን ስኳር ግን 200 ግራም ገደማ ነው። ውሃውን ብታሞቂው የጨዉ መጠን እምብዛም አይጨምርም፤ የስኳሩ ግን በብዙ ይጨምራል። ቴርሞሜትር ካለሽ ደግሞ ውሃ በ100 ዲግሪ እስኪፈላ አትጠብቂ፤ በእኛ ከፍታ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ዘይት መንሳፈፉን ያውቁታል፣ ጊዜ አትፍጂበት።

ሰባውን በአሥር ቡድን ክፈይና ለየቡድኑ አንድ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ስጪ። ሚዛኑን በገበያ ቀን አትጠይቂ፤ ባለ ሱቁ አይሰጥሽም።